ሁለት ጋሪዎችና የኮምፒውተር አንጎል

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 1979

ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። ዓርብ በሳይንስ ክበብ ተናጋሪው እኔ ነኝ። ርዕስ፦ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር ለምን ቶሎ ቶሎ ይሻሻላል? የመረጥነው ከወንድሜ ከግርማ ጋር ነበር፤ እሱ ሊያዘጋጀኝ፣ እኔ ልናገር። መተሐራ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ጥር ላይ ወባ ወሰደው።

እማዬ ሸሚዜን ተኩሳ ሰቅላልኛለች። እግዜር ይስጣት።

ረቡዕ

የፊዚክስ መምህራችን ጽሑፌን አዩልኝ። ፕሮሰሰር የማሽኑ አንጎል ነው ያልኩትን ወደዱት። «አምራቾቹ ገበያ ስለሚሻሙ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ እርሳሳቸው ቆመ። ዓርብ የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ ጓድ መኮንንም ይመጣሉ፤ ለእሳቸው የገበያ ሽሚያ የካፒታሊስቶች ወሬ ነው።

«የሳይንቲስቶች ትጋት ነው ብትልስ፣ ልጄ?»

ለእኔ ፈርተው ነው፤ አመሰገንኳቸው። ትጋቱማ አለ። ግን ማን ያጣድፈዋል? የግርማ መልስ እዚያ ላይ ነው። እሱን ካወጣሁ ምን ይቀረኛል?

ሐሙስ

ድምፄ ቢሰበርስ? ጓድ መኮንን ቢቆጡስ? እማዬ በእኔም ታልቅስ?

ከትምህርት ቤት በኦቦ ቱሉ ጋሪ ተመለስኩ። ግርማ ነገሩን ያስረዳኝ እዚሁ ጋሪ ላይ ነው። ኦቦ ቱሉ በዚህ መንገድ ብቻቸውን ሳሉ ጋሪው በብረት እግሩ አጥንት ያነቃንቅ ነበር። ሌላ ባለጋሪ የመኪና ጎማ ገጥሞ ሲመጣ ተሳፋሪ ሸሻቸው። ወዲያው እሳቸውም ጎማ ገጠሙ። ያኛው ጥላ ሠራ። እሳቸው መቀመጫውን ስፖንጅ አለበሱ።

«ፕሮሰሰር አምራቾቹም እንደዚሁ ናቸው» አለኝ ግርማ። «አንዱ ፈጣን ሲያወጣ ሌላው ተኝቶ አያድርም።»

ዓርብ

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሰሌዳው ላይ ሁለት ጋሪ ሳልኩ። ተማሪው ሳቀ። ግርማን ስጠራ ድምፄ ተሰበረ፤ ሁሉም ጠበቁኝ። ይህን አልረሳላቸውም።

ስጨርስ ጓድ መኮንን ተነሡ።

«የቱሉን ጋሪ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ። «በብረቱ ዘመን ወገቤን ጨርሶታል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «ሁለቱ ባለጋሪዎች ተስማምተው መንገዱን ቢካፈሉስ? ያንተ ፕሮሰሰርም ይቆማል?»

አላውቅም አልኩ። አስብበትና ንገረን ብለው ተቀመጡ። የፊዚክስ መምህሬ ላባቸውን ጠረጉ።

ቅዳሜ

ጠዋት ኦቦ ቱሉ በራችን ላይ ቆመው «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» አሉ። «በጋሪዬ ተማሪ አሳቅህ» አሉኝ፤ «በል እናትህን ጥራ፣ ገበያ ላድርሳችሁ።» እማዬ ሳቀች፤ ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ተመስገን።

መንገድ ላይ የጓድ መኮንን ጥያቄ ትዝ አለኝ። ግርማን ልጠይቅ ወደ ጎኔ ዞርኩ። በእሱ ቦታ የተቀመጠችው እማዬ ናት።

ቢስማሙ ይዘገያሉ መሰለኝ፤ ሦስተኛ ጋሪ እስኪመጣ። እርግጠኛ አይደለሁም። ይህን ግን ያሰብኩት ራሴ ነኝ።