ስኳሩን ማን ቆለፈው?

ሻዕባን 12
ባሌ ሊባን በጠዋት መኪናውን ጭኖ ወደ በርበራ ወደብ ወረደ። ልብስ አጠብኩ። ለምሳ ሾርባ ሠራሁ። አማቴ ኤዶ ዳሃቦ አንዴ ፉት አለችና "ጨዉን ከባሕር ነው የቀዳሽው?" አለች። ሌላ ነገር የለም። (በፊቷ እንደ አክስት "ኤዶ"፣ "እርስዎ" እላታለሁ። እዚህ ግን ደብተሩ የኔ ነው።)

ሻዕባን 15
ለሻይ ስኳር ጠየቅኳት። የስኳሩን ሳጥን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ በተራመደች ቁጥር ቅጭል ቅጭል። ጎረቤቶች ተቀምጠው ነበር።
"ስጫት እንጂ ዳሃቦ!" አለች አንዷ።
"ለማን? ለዲዳው እናት?"
ሳቁ።
ልጄ ጉሌድ አሥራ ስድስት ወሩ ነው። እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም። ታዲያ ዲዳ ነው?... በዚያም አላበቃች። "እስከ ዒድ አፉን ካልፈታ ገጠር እህቴ ጋ እወስደዋለሁ። ግመል ሲጠሩ እየሰማ ይፈታል" አለች። ሊባን እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። ልጄን ልትወስድብኝ ነው!
ቆይ ብቻ። ይቺን ቀን ባልከፍላት ኡባህ አይደለሁም።

ሻዕባን 19
ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርስ ፊልሰን ከጀርባው ሆና ቁልፎቿን አቃጨለች። ወዲያው ዞረ።
"ጆሮው ደህና ነው። ታወሪዋለሽ?"
"ቀኑን ሙሉ እዘፍንለታለሁ!"
"እሱስ መቼ ይናገር? ተራ ስጪው እንጂ እህቴ። ፊት ለፊትሽ አስቀምጪው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አቁሚና አፉን እያየሽ ጠብቂው። 'ባ' ቢልሽም መልስ ነው፤ መልሺለት።"
መጠበቅ... እዚህ ቤት ከመጠበቅ ሌላ ምን ተምሬ!

ሻዕባን 24
ተገኘ!
እኛ ዘንድ ምራት አማቷን ፊት ለፊት ክፉ አትናገርም። ለሕፃን እሹሩሩ ስትል ግን የፈለገችውን ብትል "ምን አልሽ?" የሚላት የለም። የጥንት ሕግ ነው። እስካሁን የት ነበርኩ?

እሹሩሩ ጉሌድ፣ እሹሩሩ፣
የት ገባ በሞቴ የሻዩ ስኳሩ?
ቁልፉ ካንገቷ ላይ ሲል ቅጭል ቅጭል፣
ማን ናት የቆለፈች? ማን ናት እንበል?

ቆምኩ። አፉን አፉን እያየሁ። ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ትጎነጉናለች። እጇ ቀጥ አለ። ምን ትበል!
ጉሌድ "ባ" አለ።
ባ አይደለም የኔ ጌታ። መልሱ "አዬዮ" ነው። አያትህ! በዒድ ቀን ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት ትላታለህ።

ረመዳን 6
ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት... አውቃለሁ። አልተውም ግን። በቀን አሥር ጊዜ እንዘፍናለን። ቁልፉ ቅጭል ሲል ጣቱን መቀሰር ጀምሯል።

ረመዳን 17
"አ... አ..."

ረመዳን 26
"አዬ" አለ! አቅፌው አለቀስኩ። ከዚያ ደስታዬ ራሱ አስፈራኝ። የልጄን የመጀመሪያ ቃል መበቀያ ላደርገው?... ላድርገው። "የዲዳው እናት" ስባል ማን አዘነልኝ?

ሸዋል 1፣ ዒድ
ቤቱ ሞልቷል። ሊባንም መጥቷል። ሴትዮዋ ሐልዋ ስታድል ጉሌድን ፊት ለፊቴ አስቀመጥኩና ጀመርኩ። ስኳሩ ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። "ማን ናት እንበል?" ጠበቅኩ። አንድ... ሁለት... ሦስት...
"አዬዮ!"
ቤቱ በሳቅ ተናጋ። "ስኳር ቆላፊዋ ተገኘች!" አለች ያቺው ጎረቤት። ልክ እንዳሰብኩት! የሴትዮዋ ፊት ሲጠቁር ልይ ብዬ ቀና አልኩ።
ምን ይጠቁራል! ስድቡን መች ሰማችና። ስሟን ነው የሰማችው። የሐልዋውን ትሪ ለሊባን አስታቅፋ መጣች። "እኔን ጠራኝ! ከእናቱ በፊት እኔን!" እልልታዋን አቀለጠችው። "የትም አይሄድም! በኔ ስም አፉን ፈትቶ የት ይሄዳል?"
አሸነፍኩ? ልጄስ ቀረልኝ። ግን የመጀመሪያ ቃሉን ቀን ተሌት ለፍቼ ለጠላቴ ሰጠኋት።

ሸዋል 9
የምሳ ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ከደጅ ዘፈን ሰማሁ። በጓዳው በር አጮለቅኩ። ኤዶ ዳሃቦ ጉሌድን ፊት ለፊታቸው አስቀምጠውታል። ቁልፉ እሱ አፍ ውስጥ ነው።

እሹሩሩ ጉሌድ፣ የአያትህ ክብር፣
ሾርባውን በጨው ብዛት ያረገችው ባሕር፣
ማን ናት ባለሙያዋ? እስቲ ንገር!

ቆሙ። አፉን አፉን እያዩ። እኔ እንደማደርገው፣ ልክ እንደዚያው! ለካ ያን ጊዜ ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። ደሜ ፈላ። ግን በእሹሩሩ ተሰድቤ ምን እላለሁ? ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።
ጉሌድ ቁልፉን ከአፉ አወጣ። ወደ ጓዳ ጣቱን ቀሰረ።
"ሆዮ!"
እናቴ፣ አለኝ። እኔን ነው።
"ኤዶ" አልኩ ከጓዳ፣ "እስቲ እንደገና ይጠይቁት።"