ያንተ አጎበር

ይድረስ ለልጄ ለደግነት፣ ሻኪሶ።

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህና ከቢንቢው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ዘንድሮ የዲላ ዝናብ አልተቻለም። ትናንት የጤና ኤክስቴንሽኗ ሳሮን ግቢያችንን ስትዞር፣ እስክመለስ እንዳትነኪብኝ ያልከኝ የባጃጅ ጎማ ውሃ አቁሮ አገኘችው። "ማዘር፣ ይሄ እኮ የቢንቢ ማርቢያ ነው፤ ይጣል" አለችኝ። የልጄን ንብረት ማን አባቱ ነው የሚጥለው? ውሃውን ደፍቼ አፈር ሞላሁበትና ጎመን ተከልኩበት። ስትመጣ ጎመኑን ነቅለህ ጎማህን ትገጥማለህ። በርሜሉንም ከደንኩት፤ ከእንሰቱ ሥር ውሃ የሚተኛበትን ጉድጓድም ደፈንኩት።

ከዚያ ቤት ገብታ "ስንት ሰው ያድራል?" ስትለኝ "ሁለት" አልኳት። አልጋህን አየች፤ አጎበሩ ተሰቅሏል፣ አንሶላው እንደተነጠፈ ነው። ቀና ብላ እኔን አየችና ሁለት ብላ ጻፈች። ጨዋ ልጅ ናት።

አጎበሩ ባለፈው ወር በሹፌሩ በመላኩ የላክሁልህ ነው። ወርቅ ከምትቆፍሩበት ደርሶ ቢጠይቅ የሚያውቅህ ሰው አጥቶ መልሶ አመጣልኝ። ሰፈር ቀይረህ ይሆናል። ስልክህም የማይሠራው እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ነው ይላሉ። ብቻ ለእናት ሳይነግሩ ሰፈር መቀየር ደግ አይደለም፤ ተቀይሜሃለሁ።

ይህንንም ደብዳቤ የሚያመጣልህ መላኩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሃል። እኔም በየምሽቱ መጀመሪያ ያንተን አጎበር፣ ቀጥሎ የኔን ከፍራሹ ሥር ሸጉጬ እተኛለሁ።

ሰላምታዬ ያለህበት ይድረስህ።

እናትህ ማንጠግቦሽ