አባቴን ከተከላቸው ዛፎች ሥር ላስያዙት ክቡር ሹም

ከኮምቡሪ መንደር፣ የካቲት 1864

ለንግሥቲቱ ደኖች የበላይ ኃላፊ፣ ለክቡርነትዎ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በፍጹም ጤንነት፣ በሞቀ ቤት፣ ከማይጠፋ እሳት አጠገብ ተቀምጣችሁ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ የሃርዝሌይ ደን አጥር ከታጠረብን ወዲህ እሳት የምናውቀው በትዝታ ብቻ ስለሆነ፣ ቢያንስ ክቡርነትዎ እንደሚሞቁ ማሰቡ ያጽናናናል።

ስሜ ሄስተር ሎቭሎክ ይባላል፤ የመንደሩን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ የለጠፍኩትና አንድ ቅጂውን ለጋዜጣ የላክሁት ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቀደም ብዬ በግል የጻፍኩልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ብቻ ነው። ጊዜዎን እንዳላባክን የማመሰግንዎትን ነገር በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ታሪካችንን ስላሳጠሩልን አመሰግናለሁ። የጥንቱ ንጉሥ ይህን ደን ለአደን ከከለለው ጀምሮ አጋዘን የገደለ የኮምቡሪ ሰው ዓይኑን ያጣ ነበር ይባላል። ያ ጨካኝ ንጉሥ እንኳ ብርድ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበርና፣ መንደርተኛው የወደቀ ጭራሮ እንዲለቅምና የደረቀ ቅርንጫፍ በሜንጦ ስቦ እንዲያወርድ በብራና ጽፎ ፈቅዶ ማኅተሙን አተመበት። ብራናው እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያናችን ሣጥን ውስጥ አለ። ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ አንድም ንጉሥ ያልነካውን ነገር ክቡርነትዎ ባለፈው መስከረም በአንዲት ማስታወቂያ ስለዘጉት፣ ከነገሥታቱ ሁሉ በላይ ቆራጥ መሆንዎን መስክሬያለሁ።

ሁለተኛው ስለ አባቴ ስለ ጃቤዝ ሎቭሎክ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከፈረንሳዮች ጋር ጦርነት በነበረበት ዘመን የርስዎ መሥሪያ ቤት ለመርከብ የሚሆን የባሉጥ እንጨት እንዳያልቅ ፈርቶ ኖሮ፣ የደኑን ምሥራቃዊ ክፍል አስመንጥሮ ፍሬ እንዲተከልበት አዘዘ። አባቴ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ በጉልበቱ እየዳኸ፣ በሹል እንጨት ጉድጓድ እየማሰ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንዳንድ የባሉጥ ፍሬ እየጣለ በእጁ አፈር አለበሰው። አለቆቹ ዛፎቹ ለመርከብ የሚደርሱት ከመቶ ዓመት በኋላ እንደሆነ ሲነግሩት አላዘነም። ልጅ ሳለሁ እሑድ እሑድ ወስዶ እያሳየኝ፣ «እይ ሄስተርዬ፣ እነዚህ እኮ ታላላቆችሽ ናቸው» ይለኝ ነበር። እኔ ለእናቴ አንድ ልጅ ነኝ።

ዛሬ መርከብ የሚሠራው ከብረት ስለሆነ ዛፎቹ ለማንም አላስፈለጉም፤ አጥሩ ግን አስፈልጓል።

በኅዳር ወር፣ በረዶው በጣለ በሦስተኛው ቀን፣ ሳል ይዞኝ ቢብስብኝ አባቴ ሜንጦውን ይዞ ወጣ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። የደን ጠባቂዎ ኤሞስ ታፊን ያገኘው በቀን ብርሃን፣ ራሱ ከተከላቸው ዛፎች በአንዱ ሥር፣ ጭራሮ በገመድ ሲያስር ነው። ኤሞስ እኔ ፊደል ያስቆጠርኩት ሰው ነው፤ የሆነውን እያለቀሰ የነገረኝም እሱ ነው።

«አባባ ጃቤዝ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ጣሉትና ይሂዱ። እኔ አላየሁም።»

«አየኸኝ እንጂ! ምን ሰርቄ ነው የማታየኝ? ልጄ በርዷታል።»

«አለቃዬ ከኋላ እየመጣ ነው እኮ፤ እኔንም ከሥራ ያስወጡኛል!»

«እንግዲያው ያዘኝ፣ ልጄ። አንተም ልጆች አሉህ።»

ክቡርነትዎ፣ አባቴ እጁን ለኤሞስ የሰጠው በዚህ ዓይነት ነው። ዳኛው ብራናውን ለማየት ጊዜ አልነበራቸውምና፣ በጽሕፈት ቤትዎ ክስ መሠረት አሥራ አራት ቀን ፈረዱበት። ቃል ካለው እንዲናገር ሲጠየቅ፣ «ጌታዬ፣ ዛፎቹን ይጠይቋቸው፤ ያውቁኛል» አለ። ችሎቱ ሳቀ። እኔ የሳቁትን አልረሳኋቸውም።

እስር ቤቱ ድንጋይ ነው፤ ምድጃ የለውም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ከበሩ ስቀበለው መቆም አልቻለም፤ ኤሞስ ጋሪ ተበድሮ አመጣልኝ። ስድስት ቀን ደረቱ እያፏጨ ከጎኔ ተኛ። ጎረቤቶች የወንበር እግር ሳይቀር እየሰበሩ አነደዱልን። በመጨረሻው ማለዳ እጄን ይዞ፣ «በምሥራቅ በኩል ያሉት ቅጠላቸውን አራገፉ?» ብሎ ጠየቀኝ። አራግፈዋል አልኩት። «ጥሩ፤ በረዶው አይሰብራቸውም» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ስለዚህ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ብዙ ሞክሬ ቃል አጥቻለሁ።

ሦስተኛ፣ አናጢው ለሬሳ ሣጥኑ የባሉጥ ሳንቃ ፈልጎ ነበር። ለመሸጥ የተቆረጡ ግንዶች ከአጥርዎ ጀርባ ቤት አክለው ተከምረዋል። ጽሕፈት ቤትዎን አንድ ግንድ ብንለምን፣ ጥያቄያችን በመጪው ስብሰባ እንደሚታይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተገለጸልን። ሬሳ ስብሰባ ስለማይጠብቅ አባቴን የቀበርነው ከባሕር ማዶ በመጣ ጥድ ነው። ለመልስዎ ፍጥነትና ለጽሑፉ ውበት ባለዕዳ ነኝ።

የምጠይቅዎ ነገር የለኝም። ብራናውን በሚመጣው ወር ሃምሳ አራት አባወራዎች ተሸክመን ለንደን ድረስ እንወስደዋለን፤ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ሲባል አንድ ሰው ያነበዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያው እግዚአብሔር ክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት፤ እርጅናን እንዲያዩት፣ ብርዱንም እንዲያውቁት።

ከአጥሩ ማዶ ሆና በታላቅ ትሕትና እጅ የምትነሣ፣ የክቡርነትዎ ታዛዥ አገልጋይ፣

ሄስተር ሎቭሎክ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ ለአባቴ የተላከ ደብዳቤ ደረሰን። አዲሱ ቀያሽ በደኑ ውስጥ ያሉትን ምንጮች ማግኘት ስላቃተው፣ ቦታውን ጠንቅቆ የሚያውቀው ሚስተር ሎቭሎክ ሐሙስ ጠዋት መጥቶ እንዲያሳየው በአክብሮት ይጠይቃል። ቀያሹ አባቴን ለማነጋገር ከፈለገ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን፣ ከግንቡ ሥር ያገኘዋል። እዚያ ለመግባት የርስዎ ፈቃድ አያስፈልግም።