መኪናህ ከመታጠፊያው ተነስታለች

የአክስቴ ልጅ፣

መኪናህን መታጠፊያው ላይ አትፈልጋት። እዚያ አቁሜያት ነበር። አሁን ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት በሁለት ፒካፖች መሃል ተሰክታለች፤ ከፊትም ከኋላም እጅ አያስገባም።

አውቶቡሱ በእሷ ምክንያት መታጠፍ አቃተው። ጥሩምባው ሲሰለቻቸው ተሳፋሪዎቹ ወርደው እንደ ሶፋ ተሸክመው ወሰዷት። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ለመንጃ ፈቃድ የማሠለጥናቸው ተማሪዎቼ ናቸው። "መስቀለኛ መንገድ አጠገብ አይቆምም፤ የሚመጣውን ይጋርዳል፣ እግረኛም መሻገሪያ ያጣል" እያልኩ ትናንት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ለፍልፌላቸው ነበር። አንዷ "መምህር፣ ገብቶናል" ብላኝ አለፈች።

ለአምስት ደቂቃ ብዬ ነበር። ተማሪ "ለአምስት ደቂቃ ነው" ሲለኝ ከፈተና እጥለዋለሁ።

ለምን ግቢ አላስገባሃትም እንዳትለኝ። አሮጌ አልጋህ አሁንም በሩን ዘግቶ ቆሟል። ስለ እሱ ምንም አልልም።

ፒካፖቹ ሳይነሱ ላውጣት እንዳትል፣ ትፋቃለች። ዛሬ በእግርህ ስለምትሄድ... ይቅርታ። ስለ ጎን መስታወቷ ስመጣ እናወራለን።

እኔ ወደ ክፍል ሄጃለሁ፤ የሚጠብቁኝም እነሱው ናቸው። ደግሞ በእርምጃ ለካሁት፦ ከመታጠፊያው ያራቋት ልክ እንዳስተማርኳቸው ነው።

በማስተማርስ አልታማም።