ከዪንግሃይ ቀበሌ ስለተገኘው ትርፍ ጸጥታ

ለክቡር አቶ ዡዋንግ ዌን-ቻይ
የዪንግሃይ ቀበሌ ሊቀመንበር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ በተለይ ደግሞ ጆሮዎ እንደምን ሰነበተ? እኛ የወደብ ጀርባ መንገድ ነዋሪዎች ከኮንቴይነር መኪኖቹ ፋታ ባገኘን ቁጥር ስለ እርስዎ ጤና እንጸልያለን። ጸሎታችን አጭር የሆነው ከንቀት አይደለም፤ በአንዱ መኪናና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ያችው ስለሆነች ነው።

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት ሕሊናዬን የከበደኝን አንድ ወንጀል መናዘዝ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በአዲስ ዓመት ማግስት ከተማው ጩኸት ለመቀነስ ያወጣውን የጸጥታ ዕቅድ ሊያብራሩልን ቤተ መቅደሱ አዳራሽ በጠሩን ጊዜ፣ ለአንድ ሰው አንድ የምሳ ሣጥን ሲታደል እኔ ሁለት ወስጃለሁ። ሁለተኛውን የወሰድኩት «ታማ ለተኛች እናቴ» ብዬ ነበር። ታማ የተኛችው እናቴ በዚያ ሰዓት ከኋላዬ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የራሷን የዶሮ እግር ትግጥ ነበር። በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ጥፋት ግን፣ ከአንዱ በቀር፣ የእኔ አይደለም።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ሺዬ ዪ-ሮንግ እባላለሁ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው። ዶውሁዋ ሻጩ የአቶ ሺዬ ሹዪ-ሙ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴን መቼም አይረሱትም፤ የአኩሪ አተር ወተት አርግቶ፣ የዝንጅብል ሽሮፕ አፍስሶበት፣ በሦስት እግር ብስክሌቱ እያዞረ የሚሸጥልዎትን፣ እርስዎም «ኦቾሎኒ ጨመር አድርግበት» እያሉ ለሃያ ሁለት ዓመት ቆመው የበሉለትን ሰውዬ ማለቴ ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እርስዎን «አጎቴ» እልዎት ነበር። «ክቡር» ማለት የጀመርኩት ባለፈው ወር ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የቢሮ ሰው ቁጥር የሌለበት ነገር አይገባውም ሲባል ሰምቻለሁና።

1. በመጀመሪያ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት ብስክሌቱን ተደግፈው፣ ሳህንዎን በእጅዎ ይዘው፣ «ዪ-ሮንግዬ፣ ምላስሽ ጤፍ ይቆላል። እነዚህ ሽማግሌዎች እኔን አይሰሙኝም፣ አንቺን ግን እምቢ አይሉሽም። ሰፈሩ ለሦስት ወር ድምፁን ቀነስ ያድርግልኝ፤ እኔ ደግሞ መንገዱን ለመኪና አዘጋላችኋለሁ። ከዚያ ከፈለጋችሁ መሃል አስፋልት ላይ ኳስ ተጫወቱ» አሉኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሹመት ስለነበረ ደረቴን ነፍቼ ተቀበልኩ። የማኅተሙን ቀይ ቀለም ሣጥን ይዤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ደጃፍ አንኳኳሁ። በፊርማ ፈንታ የሚያርፍ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት የቤተሰብ ማኅተም «ዝም እንላለን» በሚለው ወረቀት ላይ አረፈ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከአራተኛ ፎቅ ደረጃ ስወርድ የወደቅሁበት ነው። እሱንም በነጻ ነው የሰጠሁዎት።

2. ስለ ሦስቱ ወራት አመሰግናለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ዪንግሃይ ከተቆረቆረ ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም። ወይዘሮ ኦው እና የማህጆንግ ጨዋታ ማኅበርተኞቿ ጠጠራቸው እንዳይንኳኳ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው ሲጫወቱ ከረሙ፤ በሙቀቱ ከሥር የተቀመጠ ጉልበት ሁሉ ላብ በላብ ሆነ። ባለ ሞተሮቹ ገና ከመንገዱ አፍ ላይ ሞተራቸውን አጥፍተው እየገፉ ይገቡ ነበር። የሰፈሩ ጠባቂ አምላክ የሆነችው የባሕር እመቤት ክብረ በዓል ላይ ከበሮው በፎጣ ተጠቅልሎ «ዱብ፣ ዱብ» እያለ ዞረ፤ ርችቱም ቀረ። እመቤቲቱ በተሸካሚዎች ትከሻ ላይ በአልጋዋ ስታልፍ የራሷ በዓል መሆኑን ያወቀች አልመሰለኝም። የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን አጥፍቶ መጣ፤ እሱን ሰምተን ነበር ከረጢታችንን ይዘን የምንወርደው፣ እናም መኪናው መጥቶ ሄዷል፣ ከረጢቱ ሳሎን ቀርቷል። ለአንድ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ከረጢት ታቅፎ ደጃፍ ላይ ቆሞ እርስ በርሱ ሲተያይ ዋለ። ያም ሆኖ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ማጉረምረምም ድምፅ ነው ብዬ አስተምሬያቸው ነበር።

3. ከላይ «ከአንዱ በቀር» ያልኩት ጥፋት ይኸውና።

አያቴ ድምፅ ማጉያ የለውም። በገዛ ጉሮሮው ነው የሚጣራው፤ «ዶው-ሁ-ዋ-ዋ-ዋ» ብሎ መጨረሻዋን ሲስባት፣ አምስተኛ ፎቅ ያሉት አሮጊቶች ጫማቸውን እስኪፈልጉ ድረስ ትቆይላቸዋለች። መንገድ ሁለት ላይ ሲጣራ መንገድ አምስት ላይ ሳህን ይንኳኳል። ማኅተም ፍለጋ ዞሬ ዞሬ በመጨረሻ የራሴው ቤት ደረስኩ።

«እና ሰው መምጣቴን በምን ያውቃል?» አለኝ።

«አያቴ ደግሞ! ሁልጊዜ በሰዓትህ ነው የምትመጣው፤ ሰዓት አይተው ይወርዳሉ» አልኩት።

እጁን በሽርጡ ጠረገ። ቀለሙን አየው፣ እኔን አየኝ። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ማኅተሙን አሳረፈው። ከሁለት መቶ ዐሥራ አራቱ ውስጥ እንደ እሱ ቀጥ ብሎ የታተመ የለም፤ ወረቀቱ እጅዎ ላይ ስላለ ያረጋግጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝም ብሎ ይዞራል። ሰዓት አይቶ የወረደ ሰው የለም። ካለፈ በኋላ መስኮት ተከፍቶ «ዛሬ ሽማግሌው አልመጣም እንዴ?» ይባላል፤ እሱ ጥጉን ከዞረ ቆይቷል። ድስቱ ሙሉ ሄዶ ሙሉ ይመለሳል። ቤታችን ውስጥ ለቁርስ ዶውሁዋ፣ ለእራት ዶውሁዋ ነው። ታናሽ ወንድሜ ዝንጅብል ሲሸተው ይደበቃል።

4. ስለ ደብዳቤው አመሰግናለሁ። ሦስቱ ወር እንዳለቀ፣ የመንገዱን መዘጋት የሚያበሥር መስሎን ማስታወቂያ ሰሌዳዎ ሥር ተጋፍተን ያነበብነው የከተማው ቢሮ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «በተደረገው ልኬት የዪንግሃይ ቀበሌ አማካይ ድምፅ 46 ዴሲቤል ሆኖ ተገኝቷል። የተፈቀደው ጣሪያ 60 በመሆኑ ቀበሌው ዐሥራ አራት ዴሲቤል ትርፍ ጸጥታ አለው። ስለዚህ በዋናው መንገድ ላይ ያለውን መጨናነቅና ጩኸት ለመቀነስ የወደብ ጭነት መኪኖች በዚሁ ቀበሌ በኩል እንዲያልፉ ተወስኗል። የነዋሪዎቹ ስምምነት ተያይዟል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ጸጥታ የሚተርፍ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። አራተኛ ጊዜ ሳነበው ነው «ተያይዟል» የምትለዋን ያየሁት። የተያያዙት እኔ የሰበሰብኳቸው ማኅተሞች ናቸው። «ዝም እንላለን» ብለው ያተሙት፣ ስለ መኪናውም ዝም እንላለን ማለታቸው ነው ተብሎ ተተርጉሟል። ከስምምነቱ ሥር የእርስዎ ፊርማ አለ፤ ቀኑም አለ። ቀኑን አስተውለው ፈርመውት ከሆነ፣ ብስክሌቱን ተደግፈው ካናገሩኝ ከሁለት ቀን በፊት ነው።

ያን ዕለት ሳህኑን ለአያቴ ሲመልሱ «እጅህ ይባረክ» ብለውት ነበር።

5. ስለ መኪኖቹ ብዙ አልልም፤ ብልም አይሰሙኝም። የወይዘሮ ኦው ማህጆንግ አሁን ብርድ ልብስ አያስፈልገውም፤ ጠጠሮቹ ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው ጠረጴዛውን ያቋርጣሉ።

6. ስለ ሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅዎ፣ «ዪ-ሮንግ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ከተማ ማለት መስጠትና መቀበል ነው» አሉኝ። ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ስጠይቅዎ ስልክዎ ጮኸ። ስልክዎ ሲጮኽ ስክሪኑ ጥቁር ነበር፤ ግን እርስዎ ካሉ ጮኋል።

ለተቃውሞ አዲስ ማኅተም ላሰባስብ ብዬ እንደገና ስዞር ወይዘሮ ኦው በሩን በሰንሰለት ይዛ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያለፈው ማኅተሜ ቀለሙ ሳይደርቅ ኮንቴይነር አስገባሽብኝ። አሁን ደግሞ ምን ልታስገቢብኝ ነው? ባቡር?» አለችኝ። ጎረቤቷ ከውስጥ ሆና «ለኔ አውሮፕላን ይሁንልኝ በያት!» ስትል ሰማሁ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ ግን መሳቄን ተውኩ። እርስዎ መንገዱን ነው የወሰዱት ብለው ያስቡ ይሆናል። የኔን ስም ደግሞ ጨምረው ወስደዋል፤ በዚህ ሰፈር ከእንግዲህ በር የሚከፍትልኝ የለም።

7. አሁን ወደ ልመናዬ መጣሁ፤ እስካሁን የቀለድኩት ይህቺን ለመጻፍ ድፍረት እስካገኝ ነው።

እሁድ ጠዋት አያቴ ብስክሌቱን ሲያጥብ አገኘሁት። በወሩ መጨረሻ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢው ሊሰጠው ነው። «ዝም ብሎ ሰፈር የሚዞር ሻጭ ሌባ ይመስላል። ትናንት አንዲት አዲስ ተከራይ ከኋላዬ ተከትላ ፎቶ አነሳችኝ» አለኝ።

«እና ተጣራ በቃ! መኪናው እንደዚህ እያጓራ አንተ ምን ቤት ነህ ዝም የምትለው?» አልኩት።

«አትሜያለሁ» አለኝ።

«እነሱ እኮ አፈረሱት፣ አያቴ!»

«እነሱ ማኅተም አላሳረፉም። እኔ አሳርፌያለሁ።»

ከዚህ በላይ ለማስረዳት አልሞከርኩም። በዚህች ከተማ፣ በዚያ ትልቅ ዕቅድ ውስጥ፣ ቃሉን ይዞ የቀረው አንድ የሰባ አራት ዓመት ሰው ብቻ ነው፤ ቃሉንም እንዲሰጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ መንገዱን መልሱልን አልልም፤ ትልቅ ነገር መጠየቅ ለልጅ አይገባም ብለውኛል። የምጠይቀው አንድ ማኅተም ብቻ ነው። ከሁለት መቶ ዐሥራ አራቱ ውስጥ ቁጥር 214ን፣ የአያቴን፣ በገዛ ብዕርዎ ይሰርዙልኝ፤ አጠገቡም «ተለቋል» ብለው ይጻፉ። ብረት ገዢው ከመምጣቱ በፊት ወረቀቱን ለአያቴ ላሳየው እፈልጋለሁ። ያለዚያ አይጣራም። እኔ አውቀዋለሁ።

ለሰጡን ሁሉ፣ ከሰጡንም ይልቅ በጥንቃቄ ለወሰዱልን ሁሉ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ የምትነሳ፣ የዕድሜዎን መርዘም ከወንበርዎ ዕድሜ አብልጣ የምትመኝ፣

የቀድሞ የጸጥታ መልእክተኛዎ
ሺዬ ዪ-ሮንግ

ግልባጭ፦
ለባሕር እመቤት፣ ከበሮዋ ከፎጣ ስለመውጣቱና ስላለመውጣቱ ውሳኔ እንድትሰጥበት፤
ለወይዘሮ ኦው፣ በሰንሰለቱ ቀዳዳ በኩል።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ዋናው መንገድ ላይ ካለው አዲሱ ሕንፃ ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ ስለገባ እንኳን ደስ አለዎት። መኪኖቹ ከዚያ ከተነሱ ወዲህ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ የባሕሩ ድምፅ ይሰማል አሉ። ሲሄዱ ጆሮዎን ጣል ያድርጉ፤ ከማዕበሉ ሥር ዝም ያለ ነገር ከሰሙ የኛ ነው።

ሌላ ድኅረ ጽሑፍ፣ በእጅ የተጨመረ፦ ይህን የምጽፈው ደብዳቤውን ቢሮዎ በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከለጠፍኩ በኋላ፣ በርጩማ ላይ ቆሜ ነው። በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ የግዴታውን የቀትር እንቅልፍ መተኛት ነበረብኝ፤ አጥሩ ግን እንዳሰብኩት ረጅም አልሆነም። የወደቡ ሾፌሮች ምሳ ላይ ስለሆኑ መንገዱ ጭር ብሏል። ከራሴ በላይ የከተማው ቢሮ የሰቀለው የድምፅ መለኪያ 47 ይላል። አሁን ደግሞ የአያቴ ብስክሌት ጥጉን ዞረ። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ አንገቱን አቀርቅሯል፤ እዚህ መሆኔን አያውቅም። ቀና ሳይል ይህቺን ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ከበርጩማው ላይ እወርዳለ

«ዪ-ሮ-ኦ-ኦ-ኦንግ!»

መለኪያው 79።