ከብልቃጦቹ መሃል ቀይ ፊሽካ

…ፊሽካ ጉሮሮህ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ በሰው ጀርባ ላይ ሆነህ ወደ ዱቦ ሆስፒታል ስትወሰድ። ደገፉ፣ ታሪኩን ሁልጊዜ እዚያ ላይ ታቋርጠዋለህ። ዛሬ ቀሪውን ያገኘሁት መስሎኝ ነበር።

እዚሁ ዱቦ፣ ሲስተር አባይነሽ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ አሉ። ከሕፃናት ጉሮሮና አፍንጫ የወጣውን ሁሉ በመድኃኒት ብልቃጥ እያደረጉ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ አኑረውታል፤ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የቦሎቄ ፍሬ፣ የተሰበረ ጉትቻ። እኔ በምሠራበት ሙዚየም ውስጥ ዕቃው ከመስታወት ጀርባ ነው፣ ጥበቃውም "አትንኩ" ይላል። እሳቸው ግን እጄ ላይ ያስቀምጡልኛል። ልጆቹ አድገው እየመጡ የየራሳቸውን ያያሉ አሉኝ።

አንድ ቀይ ፊሽካ ብቻ ጠያቂ የለውም። ስምህን ስነግራቸው ጮኹ።

"ያ ፉጨታሙ! በተነፈሰ ቁጥር ያፏጭ ነበር እኮ! እኛ ተጨንቀን፣ ዘበኛው በሳቅ ሊሞት! አለ?"

"አለ። አስተማሪ ነው፤ መላጣም ሆኗል።"

"ተመስገን ጌታዬ! ታላቁስ? አዝሎት እየሮጠ የመጣው ወንድሙ?"

ይህን ሁሉ ዓመት ስንተዋወቅ ወንድም እንዳለህ ነግረኸኝ አታውቅም። "ወንድም አለው እንዴ?" አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

ፖስት ካርዱ ሞልቶ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። ሜላትንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ትናንት ያደርኩባት የሶዶ ብርድ ጉንፋን ሰጥቶኛል፣ ሌላ ደህና ነኝ። ሲስተር "ይህንስ እሱ ራሱ ይናገር" ብለው ፊሽካውን ከእጄ ወስደው ወደ ብልቃጡ መለሱት፤ ከዚያም የቁም ሳጥኑን በር ቀስ ብለው ዘጉት።