የምሳ አስታማሚዬ ለሆኑት ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር ኦቦ ኦሊቃ ቦጂያ፣
ጊንጪ ለሚገኘው መሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በስብሰባ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ያለ ውኃ የሚያገለግልዎ ድምፅዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የመዝገብ ቤቷ አመለሸጋ ከበበው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ባለፈው ዓርብ በሠራተኞች ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ድምፅ ማጉያውን ይዘው «አመለሸጋን ከሞት አፋፍ የመለሳት አስተዳደሩ ነው» ሲሉ ከፊትዎ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁና፣ ደኅንነቴን ያኔውኑ ሳያረጋግጡ አልቀሩም። ያን ሁሉ ምስጋና ብቻዎን ተሸክመው እንዳይደክሙ በማሰብ፣ ነገሩ እንዴት እንደነበረ የሚገልጸውን ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንድለጥፍ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ባይፈቅዱም ተለጥፏል።

ጉዳዩን ለማያውቁ ባልደረቦቼ ልንገር። አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ ከምግብ ጋር ተጣልቼ ነው የኖርኩት። አንዳንድ ሳምንት እህል ባፌ አይዞርም፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ በሬን ዘግቼ መብላት ከጀመርኩ ማቆም ያቅተኛል፣ ከዚያ ራሴን እየተጸየፍኩ የበላሁትን በረኃብ ልክስ እነሳለሁ። ማንም አልጠረጠረኝም፤ በጾመኛ አገር ከምግብ የሚሸሽ ሰው ጻድቅ ይባላል እንጂ ታመመ አይባልም። ሑዳዴ ሲገባ እፎይ እል ነበር፤ ፋሲካ ሲቃረብ ግን ከግብዣ የማመልጥበትን ሰበብ እፈልግ ነበር።

አምና ፋይል ለማውረድ መሰላል ላይ እንደወጣሁ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። ሰፈሬ ያለው ክሊኒክ እንደ ወጉ «ጨጓራ ነው» ብሎ ሽሮፕ ሰጠኝ። አላመንኩም፤ ወደ አምቦ ሄድኩ። እዚያ የመረመረኝ ሐኪም ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ላከኝ፤ ነርሷ ሲስተር ሴናም ረጋ ብላ ስትጠይቀኝ ቆይታ፣ «ይሄ የአመጋገብ መዛባት የሚባል ሕመም ነው፤ ልብሽንም እየጎዳው ነው። ግን ይታከማል» አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ክፉ አመል ያፈርኩበት ነገር ሕመም መሆኑን ስሰማ፣ ከደስታዬ ብዛት እዚያው አለቀስኩ። በየሐሙሱ እንድመላለስም ቀጠረችኝ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩ኛ. የሐሙስ ፈቃድ ስጠይቅዎ፣ በሩን ሳይዘጉ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማና እንዲማርበት አስበው፣ «ለመብላት ፈቃድ? ሰው ቤቱ ገብቶ ይበላል እንጂ አምቦ ድረስ ሄዶ መብላት ይማራል እንዴ?» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ለሐኪም ብቻ የነገርኩትን ምሥጢር በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመላው ሠራተኛ የማድረስ ችሎታዎ የሕዝብ ግንኙነት ክፍላችንን የሚያስቀና ነው።

፪ኛ. መፍትሔ ሳይሰጡ ስላላለፉኝም ባለውለታዎ ነኝ። በማግሥቱ ሻይ ክበቡ ውስጥ ጥብስ አዝዘው፣ ሠራተኛውን ጠርተው፣ በየተራ እንዲያጎርሱኝ አደረጉ። እናቴ ያረፈች ዕለት እንኳን ያን ያህል ሰው አልከበበኝም። ፍቅር እንደነበረ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ለቀናት ከሻይ በቀር አልቀመስኩም። ትንሽ ሻል ሲለኝ ደግሞ በር ላይ ጠብቀው «ተመስገን፣ ወፈርሽ!» አሉኝ። ለሌላ ሰው ምርቃት ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ መስተዋቱን በነጠላ ሸፈንኩት።

፫ኛ የምለው በደል ይሁን ውለታ እስከ ዛሬ አልለየልኝምና ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወውና እንዲሁ ላውራው።

ከዓመት ፈቃዴ ላይ እየቆረጥኩ ወደ አምቦ መመላለስ ስጀምር፣ እውነት ሆስፒታል መሄዴን በዓይንዎ ለማረጋገጥ አንድ ሐሙስ እኔ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ማስክ በጣለበት ዘመን ማስክ አድርገው፣ ኮፍያዎን እስከ ቅንድብዎ ደፍተው ነበርና በእርግጥም አላወቅሁዎትም ነበር፤ ስልክዎ ጮኾ «ሄሎ! አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ!» ብለው ሚኒባሱን በሙሉ ከእንቅልፉ እስኪቀሰቅሱት ድረስ።

ሆስፒታሉ ደርሰን ተራ ስጠብቅ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሲስተር ሴና ከክፍሏ ወጥታ እኔን ሰላም አለችና፣ ዓይንዎን ከእኔ ላይ እንዳልነቀሉ አይታ፣ «ኦቦ፣ የእሷ አስታማሚ ነዎት?» ብላ ጠየቀችዎ። ልሰልላት መጣሁ ማለት ለአንድ ኃላፊ እንዴት ይከብዳል! «አዎ፣ ወንድሟ ነኝ» አሉ።

እሷም «እሰይ! አስታማሚ አምጪ እያልኳት እምቢ ብላኝ ነበር» ብላ ሁለታችንንም አስገባችን። እኔ ለምን ውሸት ነው እንዳላልኩ ቢጠይቁኝ፣ ፊትዎን እያየሁ ሳቄን ለመቆጣጠር ስታገል ነበር። በሥራ ቀን ምሳ አብረውኝ እንዲበሉ፣ «ብዪ» እንዳይሉኝ፣ «በላሽ» እንዳይሉኝ፣ ስለ ሰውነቴ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ፣ ከምሳ በኋላም ጭንቀቱ የሚበረታው ያኔ ነውና ቶሎ ጥለውኝ እንዳይሄዱ አዘዘችዎ። «ታዲያ ስለ ምንድነው የሚወራው?» አሏት፤ እውነት ግራ ገብቶዎት ነበር። «ደስ ስላለዎት ነገር» አለችዎ።

ተመልሰን ጊንጪ ስንደርስ ኮፍያዎን ደፍተው ወደ ቤትዎ ሄዱ። ቀልዱ በዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። በማግሥቱ ግን ስድስት ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት በር ላይ ቆመው፣ እንደተቀጣ ተማሪ መሬት መሬት እያዩ፣ «እንሂድ» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው የአስካለች ምግብ ቤት ተቀመጥን። ሽሮ ቀረበ። ስለ ምግብ እንዳያወሩ ተከልክለው፣ ስለ ሥራ እንዳያወሩ ከእኔ ጋር ተጣልተው፣ በመጨረሻ ደንዲ ገጠር ስላለችው ላምዎ ጀመሩ፤ ከባለቤትዎ በቀር ለማንም አልታለብ ስላለችው፣ እርስዎም የባለቤትዎን ቀሚስ ለብሰው ሊያታልሏት ሞክረው በእርግጫ ስለጣለችዎ። ስቄ ስቄ ቀና ስል ሳህኔ ባዶ ነበር።

እርስዎም አዩት። አፍዎ ሲከፈት፣ «በላ…» የምትለዋ ቃል ከጥርስዎ ላይ ስትደርስ በዓይኔ አየኋት። ከዚያ የውኃውን ብርጭቆ አንስተው ቃሏን ከነውኃው ዋጧት። ኦቦ ኦሊቃ፣ ባለፈው ዓርብ ስለ አስተዳደሩ ብዙ ተናግረዋል፤ እኔን ያከመችኝ ሲስተር ሴና ናት፤ ከእርስዎ ያገኘሁት ትልቁ እርዳታ ግን ያ ያልተናገሩት ቃል ነው። የሐሙሱን ፈቃድ በዚያው ሳምንት ፈርመውልኛል፤ ስለዚህ አሁን ያለ ምንም አሽሙር አመሰግንዎታለሁ።

ድኛለሁ ማለት አልችልም። መጥፎ ቀን አሁንም ይመጣል። ዘንድሮ ፋሲካን ግን ከእህቴ ቤት ከሰው ጋር ማዕድ ቀርቤ አሳልፌያለሁ።

ይህን በይፋ በስሜ የጻፍኩት ለምስጋና ብቻ አይደለም። ሾፌራችን ጉዩ መንገድ ላይ አሰቃቂ የመኪና አደጋ ካየ ወዲህ መሪ ሲይዝ እንደሚያልበው ነግሮዎት የሕክምና ፈቃድ ቢጠይቅ፣ የዓርቡ ስብሰባ ባለቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ «ወንድ ልጅ መኪና ይፈራል?» ብለውታል፤ እንደ ልማድዎም በሩ ክፍት ነበር። ሰውን ከሞት አፋፍ የመለሰው አስተዳደር ይህን ሰው በሩን ዘግቶ እንዲያነጋግረውና ፈቃዱን እንዲፈርምለት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። በዚህ መሥሪያ ቤት የታመመ ሰው ለመዳን የግድ አለቃው እስኪሰልለው መጠበቅ የለበትም።

ድምፅዎ እንዳይሰለል፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ላምዎም ልብ እንድትገዛልዎ ዘወትር የምመኝልዎ፣ ምሳ በቀረበ ቁጥር የማስታውስዎ፣ የማትናቅ ታዛዥዎ፣

አመለሸጋ ከበበው
ከመዝገብ ቤት

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለአቶ ጉዩ፣ እንዲያውቁት

ማስታወሻ፦ ትናንት ለስብሰባ አዲስ አበባ ስለሄዱ ምሳዬን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በላሁ። የአስካለች ሽሮ ለካስ በጣም ይጣፍጣል፤ እስከ ዛሬ እርስዎ ሲያወሩ ጣዕሙ አልተሰማኝም ነበር።